ሌላ

ቶሊዶ፣ ኦሃዮ፤ የካቲት ሲጋመስ፣
በረዶው ጠቁሮ ከመንገዱ ዳር ሲፈርስ፣
በእጄ ታብሌት ይዤ፣ ባንገቴ መታወቂያ፣
በየደጁ ዞርሁኝ፣ የችግር መለኪያ።
ሥራዬ መጠየቅ ነው። አልሰጥም፣ አልነሳም።
የነገሩኝን ግን ብሞክርም አልረሳም።

ዕጣ ወጣ አምና። ለመቶ ሰው ደረሰ፤
በየወሩ መግቢያ አምስት መቶ ዶላር ካርዳቸው ላይ ፈሰሰ፤
ምክር የለ፣ ስብከት የለ፣ ደረሰኝ አምጡ የለ።
ዕጣ ያልወጣለት ሌላ መቶ ሰው አለ፤
ለሱ ጥያቄ ነው። መልስ በሰጠ ቁጥር
የሃያ ዶላር ካርድ፣ ሱቅ የሚመነዘር።

አንድ ቤት ነው፣ ሁለት በር፣ ግድግዳ የሚጋራ፤
በግራው ቨርኔታ ፒትማን፣ ሽማግሌ ስትጦር ሌት ተቀን የምትሠራ፤
በቀኙ ጄራልድ ኖቪትስኪ፣ የመስታወት ፋብሪካ የድሮ ሠራተኛ፣
ጉልበቱ የከዳው፣ ቀልደኛ፣ ነገረኛ።
ለሷ ወጣ ዕጣው። ለሱ አልወጣም።
ባወጣው ኮምፒውተር ማንም አይቆጣም።

«ጥያቄ አሥራ አራት። ብሩን ምን አረግሽው?»
«ጎማ ቀየርሁ። ጥርስ አስነቀልሁ። እንቅልፍም ገዛሁ፤ የት ጻፍሽው?»
«እንቅልፍ?»
«የእሑድ ሌሊት ፈረቃዬን ትቼ ተኛሁ።
ልጄ ሞታለች ብላ በር ስትደበድብ፣ ያኔ ነው የነቃሁ።»
ሳጥኖቹን አየሁ፦ ምግብ፣ ኪራይ፣ መጓጓዣ፣ ሕክምና፤
እንቅልፍ የሚል የለም። «ሌላ» የሚለውን ነካሁና
አለፍሁ።

በሚያዝያ አከራይዋ ሰባ አምስት ጨመረ፤
ዕጣ ሳይወጣለት ሰተት ብሎ ገብቶ ድርሻውን ቆጠረ።
በግንቦት ኬክ አዘዘች፣ የልጅ ልጇ ስም በክሬም የተጻፈበት፤
አርባ ሁለት ዶላር! ወሬው ደረሰ እስከ ምክር ቤት።
«ይኸው! ለድሃ ብር መስጠት ውሃ በወንፊት» አለ አንድ ትልቅ ሰው፣
ለልጁ ሠርግ ስንት እንዳፈሰሰ ማንም ያልጠየቀው።

ጄራልድ በሩን ሲከፍት፣ «የሚዛን ድንጋይሽ እዚህ ነው» ይለኛል፤
«እሷ ከፍ ማለቷ እንዲታይ፣ እኔ ዝቅ ማለት ይገባኛል።
መዝኚብኝ። ድንጋይ እንደሁ አይበርደው፣ አይርበውም።»
ካርዷን ተቀብሎ ኪሱ ይከታል። አመሰግናለሁ አይልም።

ዕጣው ሳይወጣ ገና፣ አምና በዚህ ወር፣
ጋዝ ተቆርጦበት፣ ካፖርቱን ደርቦ ሲያወራኝ፣ ትንፋሹ እንደ ጭስ ይታየኝ ነበር።
ዛሬ ግን ቤቱ ይሞቃል። በካናቴራ ነው።
«ጥያቄ ዘጠኝ። የማሞቂያው ዕዳ?»
«ተከፍሏል።»
«ማነው የከፈለው?»
ዝም አለ። ዞር ብሎ ግድግዳውን በጣቱ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገው።
ከወዲያ በኩል ሁለቴ
ኳ ኳ።

መመሪያው ገጽ ስድስት ላይ እንዲህ ይላል፦
የተቀባዩ ብር ወዳልተቀባዩ ከተሻገረ፣ ጥናቱ ይበላሻል፤
መርማሪዋ ወዲያው ታሳውቅ።

በሰኔ ሰብስበው፣ «ድህነት ቀነሰ ወይ?» ማለታቸው አይቀርም።
የሷ ጥቂት ቀንሷል። የሱም ቀንሷል። እንግዲህ ልዩነት የለም፤
ልዩነት ከሌለ ደግሞ፣ በቀመሩ መሠረት፣ ገንዘቡ አልሠራም።

መኪናዬ ውስጥ ቁጭ አልሁ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ።
የቨርኔታ ካርድ ሊዘጋ አንድ ወር ቀርቶታል።
ጥርሷ ወልቋል፣ ጎማዋ ይሽከረከራል፤
ከዚያ ወዲያ ግን እሑድ ሌሊትን ማን ይከፍላል?
እኔ እንጃ። ይህ በጥያቄዎቼ ውስጥ የለም።

ጥያቄ ዘጠኝ ይጠብቀኛል፣ ማነው የከፈለው፦
ራሱ፣ ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥት፣ ሌላ።
«ሌላ»ን ነካሁት።
«ይግለጹ» አለኝ፣ ከሥሩ ባዶ መስመር ዘርግቶ።
«ግድግዳ» ብዬ ጻፍሁ።
ላክሁት።
ማሽኑም ምንም አላለኝ።